ያውቁ ኖሯል? ፍሬቱ የተነቀለው ቤዝ ጊታር

አሮጌ ቤዝ ጊታር ዋጋው እንዳይወድቅ እንደተሠራ ይቆይ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የአሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 (እ.ኤ.አ.) ፌንደር ጃዝ ቤዝ ግን ሌላ ይመሰክራል። ፍሬቶቹ (በጣት ሰሌዳው ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ተነቅለው፣ ክፍተታቸው ተሞልቶ፣ የጣት ሰሌዳው ለጀልባ በሚውል የኤፖክሲ ሙጫ ተቀባ። ጠንካራው ሽፋን ሻካራዎቹ የብረት ክሮች እንጨቱን እንዳይቦረቡሩት ከመከላከሉም በላይ ድምፁን አጠራው፤ በ1976 የወጣው በስሙ የተሰየመው አልበሙም ይህን እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያዜም ድምፅ ለዓለም አሰማ። እርግጥ ነው፣ ፍሬቱ አንዴ ከተነቀለ ሰሌዳው እንደ ነበረ አይመለስም፤ ስለዚህ እጅ ያልነካው ብርቅ መሣሪያ ላይ መቸኮል ጥፋት ነው። ሆኖም ቤዝ የተሠራው እንዲጫወቱበት ነውና፣ የለውጡ እውነተኛ ሚዛን ከመሣሪያው የሚወጣው ሙዚቃ ነው።