ስሙን ከተናገረ በኋላ ምን አዘዘ?

በሸዋ ሮቢት ወንጌል የሚያስተምር ሰው ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ሲደርስ አጋንንት ስለ መኖራቸው ማስረዳት አይጠበቅበትም። በመቃብር የሚያድረውን፣ ሰንሰለት የሚበጥሰውን ሰው ጉባኤው ከእኔ በፊት ያውቀዋል። ጌታ ስሙን ሲጠይቀው ሁሉም ይነቃቃል፤ ጠበል ቦታ ካህኑ መስቀሉን ይዞ የሚጠይቀው፣ ባለዛሯ ቤትም ዕጣን ጨሶ የሚጠየቀው ያው ነውና። እኔን ያስቸገረኝ ከዚያ የሚከተለው ነው። አንዲት እናት «መምህር፣ ስሙን ከተናገረማ ግብሩን መጠየቁ አይቀርም። ምን አዘዘ?» አሉኝ።

የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ዛር ባለበት ቤት መንፈሱ በ«ፈረሱ»፣ ማለትም ባደረበት ሰው፣ አፍ ፎክሮ ስሙን ከተናገረ በኋላ ይታረቁታል እንጂ አያባርሩትም። ገብስማ ዶሮ ይላል፣ ሽቶ ይላል፣ ጨሌ ይላል፤ ግብሩም በየዓመቱ ይታደሳል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ውስጥ ከባለዛሮች ጋር ውሎ የመዘገበው ሥርዓት ለዚህ ለይፋት ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እኚህ እናትም ምዕራፉን ያዳመጡት እንደ ድርድር ነው። ፍለጋቸውም ከንቱ አልቀረም፤ አጋንንቱ ወደ እሪያዎቹ እንዲሰዳቸው ለምነዋል፣ ተፈቅዶላቸዋልም። «ይኸው፣ እሪያው ነዋ ግብሩ!» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ካነበብኳቸው ማብራሪያዎች እሪያዎቹን እንዲህ ትኩር ብሎ ያየ አላገኘሁም። የመለስኩላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዳነው ሰው ምንም አልከፈለም፣ ለከርሞም የሚያስገባው ግብር የለም፤ «ወደ ቤትህ ሂድ» ነው የተባለው።

የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ወገን ይፈቱታል። ሕዝቡም ያልተጻፈ የራሱ አንድም አለው። መዝሙር 90 የቀትርን ጋኔን በስም ይጠራል፤ በግንቦት ሐሩር ልጁን በቀትር ብቻውን ወንዝ የማይልክ የቆላ ሰው ይህን እንደ ምሳሌ አይሰማውም። ልጁ ካተኮሰው ግን «ቀትር መታው» ከማለታቸው በፊት ደሙን እንዲያስመረምሩት እነግራቸዋለሁ፤ አገሩ የወባ አገር ነው።

ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ነገሩ ይረቃል። ሰፈሩ ለልደታ ከቤት ወጥቶ ዛፍ ሥር ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቡና ያፈላል። ለምን ውጭ ሆነ? ቢሉ መልስ አለ፦ እመቤታችን የተወለደችው ወላጆቿ ኢያቄምና ሐና ቀዬአቸውን ለቀው ሊባኖስ ተራራ ላይ ሳሉ ነው። ምስክሩም በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ሙሽራዪቱ ከሊባኖስ የተጠራችበት ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታስተምራለች። ዛፉ ግን ለአንዳንዱ አድባር ነው፤ ሰፈሩን የሚጠብቅ፣ ካኮረፈም ዝናብ የሚያስቀር። ስለዚህ ግንዱ ቅቤ ይቀባል። አፍ ሊባኖስን ይጠራል፣ ልብ ዋርካው ላይ ነው። እኔ ንፍሮውን አልነቅፍም፤ ቅቤው ላይ ግን ዝም አልልም።

ነቀፌታ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ደግሞ ታይቷል። ከጣርማ በር ማዶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከትመው የነበሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ክርስቲያኑ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ደግሞ ዲያብሎስንና ደስክ የሚባለውን መካዱን ጽፎ እንዲሄድ አዘው ነበር። በባዕድ አምልኮ የተጠረጠረ ሁሉ ተቀጣ፣ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ። ቅቤው ግን አልቀረም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሕዝቡ ጥቅሱን ማጣመሙ አይደለም። የአገሩ እምነት ከመፍታቱ በፊት ይመርጣል፤ መናፍስት የሚናገሩበት ገጽ ጎልቶ ይሰማል፣ ከንቱነታቸው የሚነገርበት ገጽ ሳይሰማ ይታለፋል። ይህን ያየሁት 1ኛ ቆሮንቶስን ስናነብ ነው። ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ለብዙ አንባቢ የጥንት ግሪኮች ጉዳይ ነው። እዚህ ግን «ጎረቤት ለዛሯ አርዳ ብትጠራኝ ወጡን ልቅመስ?» የሚል ሰው ክፍል ውስጥ አለ። ጳውሎስ በምዕራፍ 10 መሥዋዕቱ ለአጋንንት እንደሚሠዋ ሲናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በምዕራፍ 8 ጣዖት ምንም እንዳልሆነ ሲናገር ግን ዝም ይላሉ። አንዱ ወጣት «ምንም ካልሆነ ታዲያ እናቴን አልጋ ላይ ያስቀራት ማን ነው?» አለ።

እናቱ ጠበልም ጤና ጣቢያም እየሄዱ ነው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁምና ስለ ሕመማቸው አልፈረድኩም። ስለ ወጡ ግን ከምዕራፍ 8 ተነሥቼ እንዲህ አልኩት፦ «አትብላ፤ ነገር ግን ፈርተህ አይሁን፣ እናትህ አይታህ እንዳትሰናከል ብለህ ይሁን።» ትንሽ አሰበና «ጎረቤታችን ከተቀየመችስ? የእናቴን ቡና የምታፈላው እሷ ናት» አለኝ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰዓቱም አልቆ ስለነበር ለሚቀጥለው እሑድ አሳደርነው።