ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ብርዎን በየትኛው ዕቃ ላይ ያውሉት?

የበዓል ሰሞን ወይም የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ወደ ሶደሬ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ላንጋኖ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ሥጋው ቀድሞ ይታሰባል፣ ከሰሉ ይገዛል፣ የሚጠጣውም በበረዶ ይያዛል። ለውኃው የሚያዘው ግን ብዙ ጊዜ አንድ የቆየ ቁምጣና ከጎሚስታ የተለመነ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነው። ገንዘብ ያላቸው ደግሞ ከገበያ ያማራቸውን ሁሉ ሸምተው ይመጣሉ፤ የጠላቂ መነጽሩን፣ የመተንፈሻ ቱቦውን፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋውን ጫማ። ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ዕቃ ትተውታል።

በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ውኃ ለሚገባ ሰው ብዙ ወጪ ማውጣት አስፈላጊ አይደለም። ያለችው ጥቂት ብር በቅድሚያ ምን ላይ መዋል እንዳለባት ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ላይፍ ጃኬት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው መሞታቸውን ገምቷል፤ ከእነዚህ መካከል ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናት ናቸው። ብዙዎቻችን የሚሰጥም ሰው እጁን እያወናጨፈ የሚጮህ ይመስለናል። በእውነቱ ግን አፉ ከውኃው በላይና በታች እየተመላለሰ ለመተንፈስ የሚታገል ሰው የሚጮህበት ትንፋሽ የለውም። ድምፅ ሳያሰማ፣ ከጎኑ ሰዎች እየተጨዋወቱ ሳሉ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ «ሲጮህ እደርስለታለሁ» ብሎ ከዳር መቀመጥ አያስተማምንም።

ከመነዳሪ የላይፍ ጃኬትን ቦታ አይተካም። ልጁ በመካከሉ ሾልኮ ይወርዳል፤ ማዕበል ሲመታው ይገለበጣል፤ ነፋሱ ሊያመልጠውም ይችላል። ላንጋኖ ላይ ነፋስ ሲነሳ ቀላል የሆነን ነገር ሁሉ ከዳር እየገፋ ይወስዳል፤ ከመነዳሪውን ተከትሎ የሚዋኝ ሰው ደግሞ ከአቅሙ በላይ መራቁን የሚያስተውለው ሲደክመው ነው። በልጆች ክንድ ላይ የሚታሰሩት በአየር የሚነፉ ፕላስቲኮችም መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደሉም።

ላይፍ ጃኬት ሲገዙ ከቀለሙና ከውበቱ ይልቅ ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ ያንብቡ። ለስንት ኪሎ ሰው እንደተሠራ ይገልጻል። የማንሳፈፍ አቅሙም ኒውተን በተባለ መለኪያ ይጻፋል። 50 የሚል ከሆነ መዋኘት ለሚችልና እርዳታ ቅርብ ለሆነለት ሰው የተሠራ ነው። 100 እና ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ራሱን የሳተን ሰው ሳይቀር ፊቱን ወደ ላይ እንዲያዞር ታስቦ የተዘጋጀ ነው። መዋኘት የማይችል ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ። «ሲያድግ ይሆነዋል» ብሎ ለልጅ ሰፊ ጃኬት መግዛት በልብስ እንጂ በዚህ አይሠራም። ቁልፎቹን ሁሉ ዘግተው በሁለቱ ትከሻዎች በኩል ወደ ላይ ይሳቡት፤ ወደ አገጭና ጆሮ ከፍ ካለ ሰፊ ነው። ለትንንሽ ልጆች በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል። ከሰልባጅ ተራ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ስፌቱን፣ ቁልፎቹንና ውስጡ ያለውን ስፖንጅ መሰል ነገር ይፈትሹ። ተጨፍልቆ የቀረ፣ የተቀደደ ወይም በፀሐይ ብዛት ጨርቁ የሳሳ ከሆነ ይተዉት። ገዝተው ሲመለሱ እግርዎ መሬት በሚነካበት ቦታ ለብሰው ይሞክሩት።

መግዛት ካልቻሉ መጠየቅ ነጻ ነው። ከባቱ ተነስቶ በጀልባ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች፣ ወደ ቱሉ ጉዶም ሆነ ወደ ሌሎቹ የሚሻገር ተሳላሚና ጎብኚ፣ ጀልባው ከመንቀሳቀሱ በፊት «ጃኬቱ የታለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ተከምሮ ካዩት መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ይልበሱት። ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ ውኃ ውስጥ ሆኖ ማሰሪያ መፈለግ የሚሳካለት ጥቂት ሰው ነው።

ቢሾፍቱ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር፣ የባቦጋያ ደግሞ ከ60 ሜትር ያልፋል። ዳርቻቸው እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ስላልሆነ ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ እግር መሬት ሊያጣ ይችላል። ላንጋኖን የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ «እስከ ወገቤ ብቻ ነው የምገባው» የሚለው ዕቅዱ አያስኬደውም።

የልጆች የዋና ልብስ ቀለምም ከጤና ጋር የተያያዘ ነው ብንልዎ ሊገርምዎ ይችላል። እንደ ላንጋኖ ባለ ቡናማ ውኃ ውስጥ ሰማያዊ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ልብስ የለበሰ ልጅ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ካለ አይታይም። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይምረጡ። ዋጋው ያው ነው።

አሁን ወደ መነጽሩ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ነው፤ አፍንጫን የማይሸፍነው የዋና መነጽርና አፍንጫን ጨምሮ የሚሸፍነው የጠላቂ መነጽር። ብዙ ሰው ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ ይመስለዋል። የዋና መነጽር ከውኃው ወለል ሳይርቁ ለመዋኘት ነው። ወደ ታች ሲጠልቁ የውኃው ግፊት በመነጽሩ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቀዋል። በአፍንጫዎ አየር ጨምረው ማስተካከል ስለማይችሉ መነጽሩ ዓይንዎን እንደ ዋግምት ይስበዋል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሊፈነዱና የዓይንዎ ነጭ ክፍል ደም ሊለብስ ይችላል። ለመጥለቅ ካሰቡ አፍንጫን የሚሸፍነው ግድ ነው።

የጠላቂ መነጽር ሲገዙ መስታወቱ ተሰብሮ ዓይን የማይጎዳ ጠንካራ መስታወት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይፈልጉ። ፊት ላይ የሚያርፈው ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን ይሁን፤ ደረቁ ፕላስቲክ ውኃ ያስገባል። ልክ መሆኑን ለማወቅ የራስ ማሰሪያውን ሳይጠቀሙ ፊትዎ ላይ ይለጥፉትና በአፍንጫዎ ትንሽ አየር ይሳቡ። እጅዎን ሲለቁት ካልወደቀ ልክዎ ነው። ከወደቀ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ለእርስዎ አይሆንም። ጺም ያለው ሰው በዚህ ሙከራ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ለላንጋኖ ብቻ ብለው ይህን ሊገዙ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ይያዙ፤ ውኃው ደፍርሶ ስለሚኖር የራስዎን እጅ እንኳ በቅጡ አያዩበትም። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ መዋኛ ገንዳ ከመግባታቸው በፊት ያውልቁት፤ በሌንሱና በዓይን መካከል የሚቀሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ብርሃን እስከማሳጣት የሚደርስ ቁስል ሊያመጡ ይችላሉ።

የጆሮ መድፈኛም እንዲሁ በቦታው ነው የሚጠቅመው። ከላይ ለሚዋኝና ጆሮው ቶሎ ለሚቆስል ሰው ጥሩ ነው። ለሚጠልቅ ሰው ግን አደገኛ ነው፤ ግፊቱ መድፈኛውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሲጠልቁ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይዘው፣ አፍዎን ዘግተው፣ ወደ ጆሮዎ ቀስ ብለው አየር ይግፉ። ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ። ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ መጥለቁን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ የታፈነ ጆሮ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ከዋና በኋላ ጆሮን በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ መጎርጎር የብዙ ሕመም መነሻ ስለሆነ ጭንቅላትን ወደ ጎን አዘንብሎ ማንጠፍጠፍና ውጪውን በፎጣ ማድረቅ ይበቃል።

ምንም ዓይነት ዕቃ የማይከላከለው ችግርም አለ። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻና የወንጂ መስኖ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚታወቅባቸው ናቸው። ተውሳኩ ቀንድ አውጣ ከሚኖርበት ሣርማ ውኃ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል። መነጽርም ሆነ ጫማ አያስቆመውም። የላንጋኖ ውኃ በጨዋማነቱ የተነሳ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ተብሎ ስለሚታመን ዋናተኞች ይመርጡታል። በሌሎቹ ቦታዎች ውኃ ውስጥ ከገቡና ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካዩ ለሐኪሙ «ሐይቅ ገብቼ ነበር» ማለትን አይርሱ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒትም በሽታውን ያድናል። አዋሽ ወንዝና ቆቃ ደግሞ አዞ ስላለባቸው ስለ ዋና ዕቃ መነጋገር አያስፈልግም። አይግቡ።

በመጨረሻ በሲሊንደር አየር ይዞ ስለመጥለቅ። ጅቡቲ ወይም ዛንዚባር ሄደው ይህን የሞከሩ ወገኖቻችን አሉ፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ዕቃ መግዛት ይፈልጋሉ። በዓመት አንዴ ለሚጠልቅ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ሥልጠናውንና በፊትዎ ልክ የሆነ መነጽር ይግዙ፣ ሌላውን ይከራዩ። መተንፈሻው ባይጠቀሙበትም በየዓመቱ በባለሙያ መፈተሽ አለበት፤ ሲሊንደሩም በየጊዜው የግፊት ምርመራ ያስፈልገዋል። ርካሽ ያገለገለ ዕቃ ቤት አስቀምጦ እነዚህን መዝለል ትርፉ አደጋ ነው። ሲሊንደር በጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይሞላም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስና ዘይት ከአየሩ ጋር ሊገባ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ጥልቀት ሲጨምርም መርዝነቱ ይብሳል። የብየዳ ወይም የሆስፒታል ኦክስጅንም አየር አይደለም፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ጥልቀት በታች የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሲጠልቁ ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ ዝቅተኛ የአየር ግፊት በፍጥነት ከወጡ ልክ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። ዳይቨርስ አለርት ኔትዎርክ የተባለው የጠላቂዎች የደህንነት ድርጅት አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመክረው ለዚህ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን ያህል ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር፣ አዳማ ከ1 ሺህ 600 ሜትር በላይ ናቸው። እንግዲህ ጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ቀን በመኪና ወይም በባቡር የሚመለስ ሰው «አውሮፕላን አልተሳፈርኩም» ብሎ መዝናናት አይችልም፤ መንገዱ ራሱ ወደ ከፍታው ያወጣዋል። አንድ ሌሊት እዚያው ይደር። ከተመለሱ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅና እግር መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማዎ ወደ ሐኪም ሄደው መጥለቅዎን ይናገሩ።

ቢሾፍቱ ላይ መጥለቅ የሚያስብም ቢሆን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል 80 በመቶ ገደማ መሆኑን ይወቅ። ባሕር ላይ ግፊት እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ሲጠለቅ ነው፤ እዚህ 8 ሜትር ገደማ ይበቃል። ለባሕር የተዘጋጀ የጊዜ ሠንጠረዥ ሳይስተካከል አይሠራም። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ታምቡር ቀዳዳ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ መጥለቅ የለበትም፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሹን መጥለቅ የለባትም።

ሰው ሰጥሞ ቢያገኙ፣ መዋኘት ባይችሉ ዘለው አይግቡ፤ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ያንኑ ከመነዳሪ ይወርውሩለት። ከወጣ በኋላ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ሆነ ሆዱን መጫን ጊዜ ማባከን ነው። በጀርባው አስተኝተው መተንፈሱን ይመልከቱ። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዘው በአፉ ትንፋሽ ይስጡት፤ ከዚያ የደረቱን መሃል 30 ጊዜ በፍጥነት እየተጫኑ ሁለት ትንፋሽ ይስጡ፣ ይህንም ይደጋግሙ። ሌላው ሰው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።