ደምበጫ ላይ ትውልድ ሲቆጠር

በግንቦት 1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሠራተኞች መጠይቃቸውን ይዘው በጎጃም፣ በደምበጫ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ደጅ ለደጅ ዞረዋል። የቤቱን ሰዎች ስም፣ ጾታና ዕድሜ፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያላቸውን ዝምድና፣ ሃይማኖታቸውን ጠይቀው መዘገቡ። ከአምስት ቤት አንዱ ደግሞ ረዘም ያለ መጠይቅ ደረሰው። «ቅድመ አያትዎ ማን ይባሉ ነበር? የእናትዎስ ወገን ከየት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቢጠይቅም መልሱን የሚችል ቅጽ አይገኝም ነበር፤ ጎጃም ውስጥ ትውልድ መቁጠር ከተጀመረ አንድ ጀበና ቡና አይበቃውም።

ሌላው ዓለም ቤተሰቡን ወደ ኋላ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ቆጠራ መዝገብ ነው። አሜሪካ የቤተሰቦች ስም የሰፈረበትን የቆጠራ ቅጽ 72 ዓመት ዘግታ ትይዝና ለሕዝብ ትከፍታለች፤ እ.ኤ.አ. የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። እንግሊዝና ዌልስ 100 ዓመት ይጠብቃሉ። አይስላንድ ደግሞ ገና በ1703 ያሏትን 50 ሺህ ያህል ሰዎች በሙሉ ስማቸውን እየጠራች ጽፋለች። ወረቀትም ቢሆን እሳት አይችልም፦ የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ አብዛኛው በ1921 በተነሣ ቃጠሎ ጠፍቷል፤ የእንግሊዝና ዌልስ የ1931ም በ1942 ተቃጥሏል።

ወደኛ ስንመጣ አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የመጀመሪያው በጊዜው በነበረው ጦርነት ምክንያት አንዳንድ የሰሜን አካባቢዎችን አላዳረሰም። አራተኛው ቆጠራ ቀን እየተቆረጠለት ተራዝሟል። በቆጠራ የተሰበሰበ የግለሰብ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው፤ ተመራማሪ እጅ የሚገባው ስም የተነቀለለት ናሙና ነው። ስለዚህ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ደምበጫ ላይ ያርስ የነበረ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ከቆጠራ መዝገብ አንዳች አያገኝም። ንጉሡ ዘውድ የጫኑት በ1873 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ቆጣሪ የመጣው ከ103 ዓመት በኋላ።

ይህ ማለት ግን ማንም አልመዘገበም ማለት አይደለም። ጎጃሜው የራሱ መዝገብ ነበረው፤ መዝገቡን ያስያዘው ደግሞ ርስት ነው።

ከደምበጫ ጋር በሚዋሰነው በደጋ ዳሞት፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ የመሬቱን ሥርዓት አጥንቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፉ እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚጠቀሱት ቀዳሚው ነው። ሆበን እንዳስረዳው፣ አንድ አገር መሬት መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። መሬቱ በልጆቹ ይከፈላል፤ እነሱ ምንዝር አባት ናቸው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ሁሉ፣ በወንድም ይምጣ በሴት፣ ወደ ዋናው አባት ቆጥሮ ከደረሰ ተወላጅ ነው፤ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። በዚህም ላይ ልብ በሉ፦ የእናት እናት አባት ዋና አባት ከሆነ፣ እሱም እንደ አባት አባት እኩል ያስቆጥራል።

ስሌቱን እንሥራው። ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8 እያለ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። እያንዳንዳቸው በሆነ አገር የሆነ ርስት ላይ ተወላጅ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ገበሬ በሐሳብ ደረጃ ሊጠይቀው የሚችለው ድርሻ በእጁ ካለው እርሻ እጅግ ይበልጣል፤ ሁሉንም ሊይዝ አይችልም፣ ሌላው ተወላጅ ይዞታል። የትኛውን እንደሚጠይቅ የሚወስነው ጉልበት፣ ዘመድ፣ የዳኛ ፊትና ከሁሉ በፊት የመቁጠር ችሎታ ነው። አባት የሚያስቆጥር ሽማግሌ እውቀቱን እንደ ንብረት ይጠብቀው ነበር። ለተከራካሪ ወገን አንድ ስም ሾልኮ ቢወጣ እርሻ ሊያሳጣ ይችላላ!

ትውልድ የሚያስቆጥር ሌላም ምክንያት አለ፤ ጋብቻ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመዳሞች አይጋቡም። ልጅ ለመዳር የሁለቱም ወገን ሽማግሎች በአባትም በእናትም ቆጥረው እንደማይገናኙ ማረጋገጥ አለባቸው። ሕጉ በሁሉም ትውልድ ከተጠበቀ፣ በሰባተኛው ላይ ያሉት 128 ቦታዎች በ128 የተለያዩ ሰዎች ይሞላሉ። ዘመድ ከዘመድ በሚጋባባቸው አገሮች ያው ሰው ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ ይመጣል፤ ዛፉ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። የእኛም ቢሆን መጥበቡ አይቀርም፤ እንዲያው ዘግየት ይላል። በሠላሳኛው ትውልድ ላይ ያሉት ቦታዎች ከቢሊዮን ይበልጣሉ፤ ያን ጊዜ በምድር ላይ የነበረው ሰው ግን ከዚያ ያንስ ነበር።

እንግዲህ የተቆጠረው ሁሉ እውነት ነው ወይ? ለክርክር የተያዘ መዝገብ ለክርክር ይመቻል። ልጅ ሳይተካ ያለፈ ወንድም ከቆጠራው ይወጣል። መሬት ያላስገኘ ቅርንጫፍ ይረሳል። በዋና አባትና በሚታወቁት አያቶች መካከል ያሉ ሁለት ሦስት ትውልዶች ይዋጡና አያት ከምንጅላት ጋር ይደባለቃል። የጎጃም ብቻ ጠባይ አይደለም። ናይጄሪያ ውስጥ በቲቭ ሕዝብ ዘንድ የእንግሊዝ ሹማምንት ለፍርድ ብለው የትውልድ ሐረግ ጽፈው አስቀምጠው ነበር፤ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ ሲነበብ የልጅ ልጆቹ «ይሄ ተሳስቷል» አሉ። መኖሪያና ሥልጣን ሲለወጥ የሚቆጠረውም ሐረግ አብሮ ተለውጦ ነበር፤ ማንም የዋሸ ሳይመስለው። ስለዚህ የሰማነውን ቆጠራ ስንመዝን «ይህን ስም የሚያስታውሱት ምን ስላስገኘ ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ያልተጠቀሙበትን ስም የሚያስታውሱ ሽማግሌ ከሁሉ ይታመናሉ።

ከወረቀት የሸሸው ደግሞ ገበሬው ራሱ ነው። መሬቱ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ የሌላው ተወላጅ ጥያቄ ይቀበራል ብሎ ይሰጋ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ከግብሩ ይልቅ የብዙዎች ፍርሃት ልኬታው ርስትን ያጠፋል የሚል ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ለማለት ይከብዳል። ግን ለዛሬ ፈላጊ ኪሳራ ነው፤ ሌላ ቦታ የመሬት ልኬታ የተወውን ዓይነት የስም ዝርዝር ጎጃም አልተወም።

ይሁንና በጽሑፍ የደከመ አልጠፋም። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» የሚለውን ሥራ የጻፉት ከቤተ መንግሥት እስከ ገጠር ያለውን ሐረግ እየለቀሙ ነው። ግርማ ጌታሁን አሰናድተው ለአንባቢ አብቅተውታል። የሚገርመው አለቃ እሳቸው በልጅነታቸው ከአባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ምድር የመጡና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሰዓሊ ናቸው። የጎጃምን ትውልድ ቆጥሮ የጻፈው፣ በጎጃም ርስት የሚያስቆጥረው አባት ያልነበረው ሰው ነው። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የማንንም ክርክር ሳያነሡ የሁሉንም ሊሰበስቡ የቻሉት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር አባት የማስቆጠር ጥቅምም ቀረ። በሴት በኩል የሚመጣውን ሐረግ በቃል የሚጠብቅ ምክንያት ከዚያ በኋላ የቀረው የጋብቻው ብቻ ነው፤ እሱም በከተማ እየላላ ነው።

ለምን የሴቱን ወገን ለይቼ አነሣሁ? የስማችን አሠራር ይመልሰዋል። «ጌትነት አንዳርጌ ተሰማ» የሚባል ሰው አለ እንበል። አባቱ በሌላ ወረቀት ላይ «አንዳርጌ ተሰማ ወርቁ» ተብሎ ይገኛል። ሁለት ስም ተደርቧል፤ ያ መደራረብ ሰንሰለቱን ያያይዛል። የአያት ወረቀት ከተገኘ ደግሞ «ተሰማ ወርቁ» ብሎ ይቀጥላል። የቤተሰብ ስም የሌለን ሰዎች መሆናችን ብዙዎች እንደሚያስቡት አያከስረንም፤ በአባት ስም የሚጠሩት አይስላንዶችም ያለ ቤተሰብ ስም ነው የአገራቸውን ሕዝብ ሐረግ በኮምፒውተር ያሰናዱት። ግን የጌትነት እናት አባት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትም የለም። ሦስት ስም የአባትን መስመር ብቻ ይጎትታል፤ 128ቱ ጋ ስንደርስ በስም አወጣጥ የምናገኘው አንዱን ነው።

ወረቀት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ሳያመጣ ከፈለገ ዘመዱን አልፎት ይሄዳል። የክርስትና ስምም አለ፤ ሠፈር ውስጥ ተሰማ የሚባለው ሰው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ገብረ ሚካኤል ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ሰው መሆናቸውን ለመወሰን ስሙ ብቻ አይበቃም፤ የአባቱ ስም፣ ጎጡ፣ የሚስቱ ስምና ዘመኑ ሲገጥሙ ነው የሚታመነው።

ዘመኑ ራሱ ጣጣ አለው። የቆጠራ ባለሙያዎች ሕዝብ ዕድሜውን በ0ና በ5 መዝጋት እንደሚወድ ያውቃሉ፤ አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ። ይህን የሚለካ የዊፕል መለኪያ የሚባል ስሌት አለ። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 ያለቀውን ይቆጥሩና በ5 አባዝተው ለጠቅላላው ያካፍላሉ፤ ውጤቱን በ100 ያባዛሉ። 100 ከሆነ ማንም አላጠጋጋም፤ 500 ከሆነ ሁሉም አጠጋግቷል፤ ከ175 በላይ ከሆነ የዕድሜ መረጃው ሸካራ ነው ይባላል። የአገራችን ቆጠራዎች ይህ ጠባይ ጎልቶ የሚታይባቸው ናቸው፤ የልደት ወረቀት በሌለበት የሚጠበቅ ነገር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነውና።

ስለዚህ ዓመት አትጠይቁ። «እማማ፣ ጣሊያን ሲገባ እናትዎ ምን ያህል ልጅ ነበሩ?» በሉ። «ጥጃ ትጠብቅ ነበር» ካሉ፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ ጣሊያን በ1928 ስለገባ ትውልዷ 1922 አካባቢ ይሆናል። ከብት እረኛ ከተባለ ከፍ ይላል፤ እርፍ የጨበጠ ከተባለ ጎረምሳ ነው። ሌሎች መቁጠሪያዎችም አሉ፦ ክፉ ቀን ከ1881 እስከ 1884፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተመለሱበት 1933፣ የጎጃም አመፅ 1960፣ የመሬት አዋጅ 1967። በሁለት ክስተቶች መካከል የተያዘ ልደት «ሰማንያ ዓመቴ ነው» ከሚለው ይበልጥ ይታመናል።

የዘር ምርመራስ? ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ምራቃቸውን በፖስታ ልከው ውጤት ይቀበላሉ። በአባት መስመር ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞም ከ128ቱ አንዱን ሰው ያሳያል፤ በእናት መስመር የሚወርደው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሌላ አንድ። የቀሩት 126 እያንዳንዳቸው ከተቀረው ዲኤንኤ ውስጥ በአማካይ ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ይኖራቸዋል። አሥረኛው ትውልድ ላይ ከ1,024ቱ ግማሽ ያህሉ ምንም ቁራጭ አላወረሱንም፤ ዲኤንኤ በቁራጭ ስለሚወርድ ዕጣ የጎደለበት ይቀራል። ቅድመ አያት መሆናቸው ግን አይፋቅም። ምርመራው ከየትኛው የዓለም ክፍል ሕዝብ ጋር እንደምንቀራረብ ይናገራል፤ የደምበጫውን ዋና አባት ስም አይነግርም።

ወረቀት የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። በድሮ አብያተ ክርስቲያናት የወንጌል ባዶ ገጽ ላይ የርስት ሽያጭና የስጦታ ማስታወሻ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የግብር ካርኒ አለ። በ1990ዎቹ የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይዟል፤ ሚስት በራሷ አባት ስም ተጽፋበታለች፤ አትናቁት።

በ1967 ዓ.ም. የርስት ክርክር ላይ ቆሞ አባት ያስቆጠረ የ25 ዓመት ጎልማሳ ዛሬ ከ75 አልፏል። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ በሚመጣው በዓል አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ከፍታችሁ ፊታቸው አስቀምጡ። ለሁለት ሽማግሎች ለየብቻ ያንኑ ጠይቁ፤ ልዩነታቸውን አታስታርቁ፣ ሁለቱንም ጻፉ። ከአባት ወገን በፊት ግን በእናት ወገን ጀምሩ፤ የአባታችሁን ቢያንስ መታወቂያችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።