ሊቲየም ባትሪ በፎርክሊፍት፦ ለየትኛው መጋዘን ያዋጣል?

የቁም እንስሳት ነጋዴ ወጪውን ሲያሰላ የከብቱን ዋጋ፣ የመኪናውን ኪራይ፣ የመኖውንና የኳራንቲኑን ክፍያ ይቆጥራል። በመጋዘን የሚሠራው ፎርክሊፍት ግን ከሒሳቡ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ሆኖም ድርቆሽ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ በፓሌት በሚነሡበት ማቆያ ፎርክሊፍቱ ከቆመ መኪናው ሳያራግፍ ይውላል፣ የከብቱም መኖ ይዘገያል። የቀነሰው ኪሎ የሚታየው በነጋዴው ሚዛን ላይ ነው። ስለዚህ መጋዘን የሚከራይም ሆነ በማኅበር ማሽን የሚገዛ ነጋዴ ማሽኑ በምን ኃይል እንደሚሠራ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የናፍጣ ፎርክሊፍት በገላጣ ግቢ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ግን ሥጋ ለሚቀመጥበት ዝግ ክፍል አይስማማም። በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት መካከል ለረጅም ጊዜ የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ በተለምዶ 8 ሰዓት ይሠራል፣ 8 ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ለመቀዝቀዝም ሌላ 8 ሰዓት ይሰጠዋል። የተጣራ ውኃ በየጊዜው ይጨመርበታል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ በትንሽ ብልጭታ ሊቀጣጠል ስለሚችል የመሙያው ቦታ አየር የሚዘዋወርበትና ከድርቆሽ የራቀ መሆን አለበት።

ሊቲየም ባትሪ ውኃ አይጨመርበትም። ተስማሚ ቻርጀር ካለው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ሠራተኛው ለምሳ ወይም ለሶላት ሲያርፍ ጥቂት ቢሞሉትም አይጎዳም። የአሲዱ ባትሪ ግን ሳይሞላ በተደጋጋሚ ሥራ ላይ ከዋለ ቶሎ ይደክማል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ዋናው ጥያቄ ዋጋው ነው። ለምሳሌ ሊቲየሙ የአንድ አሲድ ባትሪ ሁለት እጥፍ ተኩል ያወጣል እንበል። መጋዘኑ በቀን አንድ ፈረቃ ብቻ ከሠራ የአሲዱን ባትሪ ለመሙላት ሌሊቱ ይበቃል፤ ተጨማሪው ገንዘብ ከብት ቢገዛበት ይሻላል። ሁለት ፈረቃ ከሠራ ግን ለአንድ ማሽን ሁለት የአሲድ ባትሪ ያስፈልጋል፤ የዋጋው ልዩነት ወደ ግማሽ ባትሪ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከባዱን ባትሪ የሚያወጣና የሚያስገባ መሣሪያ፣ ተጨማሪ ቻርጀር፣ የመሙያ ክፍልና የሠራተኛ ጊዜ ሲታከል ሚዛኑ ወደ ሊቲየም ያደላል።

ዕድሜውም የሚቆጠረው በዓመት ብቻ ሳይሆን በተሞላበት ጊዜ ብዛት ነው። የአሲዱ ባትሪ በጥሩ አያያዝ 1,500 ጊዜ ያህል ሊሞላ ይችላል፤ በፎርክሊፍት የተለመደው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 3,000 ጊዜና ከዚያም በላይ። ነገር ግን በዓመት 300 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላ ሊቲየም 3,000ውን በ5 ዓመት ይጨርሳል። «አሥር ዓመት ያገለግላል» የሚል ሻጭ ካለ በቀን ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንደሆነ ይጠየቅ።

ከመግዛት በፊት አራት ነገሮችን ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ መስመሩ። ባለ 48 ቮልትና 600 አምፔር ሰዓት ባትሪ 29 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በ8 ሰዓት ለመሙላት 4 ኪሎዋት ገደማ ይበቃል፤ በ1 ሰዓት ለመሙላት ግን ወደ 30 ኪሎዋት ይጠጋል። የግቢው መስመር ወይም ጄኔሬተሩ ይህን ካልቻለ ፈጣኑ ቻርጀር ከንቱ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ ክብደቱ። በብዙ ፎርክሊፍቶች ላይ ከባዱ የአሲድ ባትሪ ከፊት ለሚነሣው ጭነት ሚዛን ይሆናል። ሊቲየሙ ቀላል ስለሆነ የጎደለው ክብደት በብረት ካልተተካ ማሽኑ ሊገለበጥ ይችላል። የሚፈቀደው የባትሪ ክብደት በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

ሦስተኛ፣ ቅዝቃዜው። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች እንደሚላከው ላለ የቀዘቀዘ የበግና የፍየል ሥጋ የሚሠራ ክፍል ከዜሮ በላይ ስለሆነ ችግሩ ትንሽ ነው። በረዶ ክፍል ውስጥ ግን ማሞቂያ የሌለው ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ይበላሻል።

አራተኛ፣ እሳቱ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሌሎች የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ የተረጋጋ ነው። ሆኖም የተመታ ወይም ከመሣሪያው ጋር በማይስማማ ቻርጀር የተሞላ ባትሪ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው። ድርቆሽ አጠገብ አይሞላ፤ ሙቀቱንና አሞላሉን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የሌለውም አይገዛ።

ከዓረፋ በዓል በፊት ባሉት ሳምንታት በበርበራና በጅቡቲ በኩል የሚያልፈው ከብት ይበዛል፤ አንድ ፈረቃ የነበረው ሥራም ሁለት ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ሳምንታት ጥድፊያ ብሎ ውድ ባትሪ መግዛት አያዋጣም፤ ለወቅቱ ማሽን መከራየት ይቀላል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ማኅበር ግን የሊቲየምን ዋጋ ከአንድ አሲድ ባትሪ ጋር ሳይሆን ከሁለቱ ባትሪዎችና ከሙሉ ወጪያቸው ጋር ቢያነጻጽር ትክክለኛውን ሒሳብ ያገኛል።