የልጅ ቀለብና የፍርድ ቤቱ ሹም

በመሬት ወሰን የተካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ዳኛው ብያኔውን ሰጥቶ፣ ድንበሩ ተተክሎ፣ ሁለቱም ፈርመው ከተመለሱ በኋላ፣ ዳግመኛ በችሎት ፊት ሳይገናኙ ዕድሜያቸውን ሊፈጽሙ ይችላሉ፤ የብድር ገንዘብ የተፈረደበትም ሰው ከነወለዱ ከከፈለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የልጅ ቀለብ ፍርድ ግን በጠባዩ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ዳኛው «በየወሩ ይክፈል» ብሎ መዝገቡን በዘጋበት ሰዓት ነገሩ ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀምና፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያው አንድ ፍርድ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ እንደ አዲስ መፈጸም ይኖርበታል። ይህን ያህል ረጅም ነገር ዳኛው በመንበሩ ተቀምጦ ሊከታተለው አይችልም፤ ሌላ መዝገብና ሌላ ባለጉዳይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፍርዱን ከወረቀት አውጥቶ እስከ ሕፃኑ ማዕድ የማድረሱ ሥራ፣ ስሙ በማይወሳ፣ ከዳኛው ዝቅ ብሎ በተቀመጠ የፍርድ ቤት ሹም ላይ ይወድቃል። ሬጅስትራር ይባል፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይባል፣ የአፈጻጸም ሠራተኛ ይባል፣ ሥራው በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ቢገኝም ግብሩ አንድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወረሰውን የቀለብ ሥርዓት ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ያስቀምጠዋል። በዚህ ሕግ ዐይን ቀለብ እህል ብቻ አይደለም፤ ምግቡን፣ መጠለያውን፣ ልብሱን፣ ጤናውንና ትምህርቱን ሁሉ አጠቃልሎ የሚይዝ ሲሆን፣ ግዴታውም በአባትና በእናት ላይ ተወስኖ ሳይቀር ወደ ላይ ወደ አያትና ቅድመ አያት፣ ወደ ታችም ወደ ልጅ ልጅ ይዘልቃል፤ ወንድማማችና እኅትማማቾችንም ይጨምራል። ወላዲ ያልቻለውን አያት እንዲሸከመው ማድረግ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከሕጉ በፊት አበው በሕገ ልቡና ሲሠሩበት የኖሩት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 የሕፃኑን ጥቅም በቅድሚያ እንዲታይ አዝዞ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደው ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፣ ለምሳሌ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም.፤ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት በሄዱ ጊዜም ቀለብ በዚያ ይዳኛል።

እንግዲህ ባለጉዳይዋ በመጀመሪያ የምታገኘው ሬጅስትራሩን ነው። (ከፋዩ አባት፣ ጠያቂዋ እናት አድርጌ የምጽፈው በብዛት የሚታየው እርሱ ስለ ሆነ ነው እንጂ፣ ልጁ ከአባቱ ዘንድ በሚያድግበት ጊዜ ከፋይዋ እናት ትሆናለች፤ ሕጉም ጾታ አይለይም።) ብዙ ጊዜ ጠበቃ የላትም፤ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማትችል ከሆነች በደኃ ደንብ እንድትከስ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅድላታል፤ ነገር ግን ይህን የሚነግራት ሰው ከሌለ መብቱ እንደሌለ ይቆጠራል። ሬጅስትራሩ ክሱን ይቀበላል፣ ማስረጃው መሟላቱን ያያል፣ መዝገብ ይከፍታል፣ መጥሪያ ያወጣል። ማንን እንደሚረታ መምከር አይገባውም፤ ምን እንደ ጎደላት መንገር ግን ይገባዋል፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መስመር ጠብቆ መሄድም ትዕግሥትና ልምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው።

ከሚጎድሉት ሁሉ ከባዱ የአባትነት ማስረጃ ነው። ልጁ በጋብቻ የተወለደ እንደ ሆነ ሕጉ ባልየውን አባት ብሎ ይገምታል። ጋብቻ በሌለ ጊዜ፣ አባትየውም ልጁን ባልተቀበለ ጊዜ ግን፣ የቀለቡ ክስ ከመታየቱ አስቀድሞ አባትነት በፍርድ መታወጅ ይኖርበታል። አንቀጽ 143 ይህ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ጠለፋ ወይም አስገድዶ መድፈር በተፈጸመ ጊዜ፣ በተንኰል ወይም በጋብቻ ተስፋ በተታለለች ጊዜ፣ አባት የተባለው ሰው ራሱ የጻፈው ደብዳቤ በተገኘ ጊዜ፣ ሁለቱ አብረው በኖሩ ጊዜ፣ ሰውዬውም እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግ ተሳትፎ በተገኘ ጊዜ። ይህ የመጨረሻው ምክንያት እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ለፋሲካ ልብስ ገዝቶ የላከ፣ ለትምህርት ቤት የከፈለ ሰው፣ ያ ደግነቱ በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላልና። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ልጆች ሬጅስትራሩ ፊት የሚቀርበው የክርስትና ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀትና የምስክር ቃል ነው።

መጥሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ ብዙው ሰው የቤት ቁጥሩን አያውቀውም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ መጥሪያ ይዞ የሚዞረውን ሰው ያንከራትተዋል። ተከሳሹ የጠፋ እንደ ሆነ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በጋዜጣ ይጠራል፤ አዲስ ዘመንን የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለውን ጥሪ ከጨረታ ማስታወቂያ ጎን ሳያየው አልቀረም። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ይበላል፣ ያድጋል፤ ስለዚህም የፍቺ ክርክር ገና በመካሄድ ላይ ሳለ ዳኛው ስለ ልጆቹ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

በቤተሰብ ችሎት አጠገብ የሚሠሩት ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤት ይጎበኛሉ፣ ልጁን ለብቻው ያነጋግራሉ፣ ያዩትንም በጽሑፍ ለዳኛው ያቀርባሉ። ዳኛው ከወንበሩ ሆኖ የማያየውን ነገር፣ ይኸውም ልጁ የሚተኛበትን ስፍራ፣ የደብተሩን ሁኔታ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ የሚያየው በእነርሱ ዐይን ነው። የገንዘቡን ልክ ለመወሰን ግን ሕጉ ከሁለት ቃላት በቀር መሥፈሪያ አልሰጠም፤ የጠያቂው ችግርና የከፋዩ ዐቅም። ሠንጠረዥ የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ስለሚታወቅ ነገሩ ይቀላል፤ ነጋዴው ግን በፍርድ ቤት ቀን ሁልጊዜ ከስሮ ይቀርባል፤ ለግብር ያስታወቀውም አኃዝ ይህንኑ ኪሳራ ይመሰክርለታል፤ እናትየዋም የሱቁን ስፋትና የመኪናውን ዓይነት በምስክር ለማስረዳት ትደክማለች።

ከዚህ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የሚጀመረው። የፍርድ ባለመብቷ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች፤ ባለዕዳው ተጠርቶ ለምን እንዳልከፈለ ይጠየቃል፤ ደመወዝተኛ ከሆነ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፤ መሥሪያ ቤቱም በየወሩ ቀንሶ ለልጁ ወይም ለእናቱ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ያስገባል። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ እንዲህ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ሰውዬው ሥራ በለወጠ ቁጥር ደብዳቤው ይሞታል። የአፈጻጸም ሠራተኛው «እኅቴ፣ የሚሠራበትን ቦታ ካላመጣሽ ደብዳቤው ለማን ይጻፍ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ሕጉ ባለዕዳውን የማፈላለጉን ሸክም በባለመብቷ ትከሻ ላይ ስለ ጣለው ሹሙ ከዚህ በቀር የሚለው የለውም። እኔ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ አዝላ የምትሠራ ሴት የባሏን አዲስ አሠሪ ፍለጋ እንድትዞር ማድረግ፣ ፍርዱን ለሰጠው መንግሥት የሚያስመሰግነው አይደለም።

ከደመወዝ ምን ያህል ይቀነሳል ለሚለው፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በአንቀጽ 404 ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው እንዳይነካ ይከለክላል፤ ሊቀነስ የሚችለው እንግዲህ ሲሶው ብቻ ነው። ከዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ በቀን ከሁለት ብር የማይበልጥ ደመወዝ ያለው ሰው ከነአካቴው አይነካበትም የሚል ቃል ይገኛል፤ በ1958 ዓ.ም. ሁለት ብር ቤተሰብ የሚያሳድር ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን ድንጋጌው የዘመኑ ቅርስ ሆኖ ተቀምጧል። የሙያ መሣሪያው፣ ልብሱና መኝታውም አይያዝበትም፤ መሣሪያውን ያጣ አናጢ ነገ የሚከፍለው የለውምና ይህ ትክክል ነው። በሌላ በኩል ቀለቡ ራሱ በእናቲቱ ዕዳ ምክንያት ሊያዝ አይችልም፤ ገንዘቡ በእርስዋ እጅ ቢያልፍም የልጁ ነው።

ሹሞቹ ለባለጉዳይ ደጋግመው ሊናገሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የውዝፍ ነገር ነው። መክፈያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ያልተቀበሉት ወይም ያልጠየቁት ቀለብ፣ ለመኖር የግድ ያስፈልገኝ ነበር ብለው ካላስረዱ በቀር፣ በኋላ አይጠየቅም። ሕግ አውጪው ይህን ያሰበው፣ ቀለብ የዕለት ሲሳይ እንጂ የሚከማች ሀብት አይደለም፣ ዝም ያለ ሰው አልቸገረውም ከሚል ነው። ነገር ግን ዝምታ ከጥጋብ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከፍርሃት፣ ከሽማግሎች ልመና፣ «ይቅር፣ ልጁን እንዳይጠላብኝ» ከሚል የእናት ልብም ይመጣል።

«ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚል አባት በአፈጻጸም ክፍል በር ላይ አይታጣም። አንዳንዱ እውነት አለው፤ ልጁን እንዳያይ የተከለከለ፣ ቅሬታውም ሊሰማ የሚገባው ነው። ሆኖም ልጁን የመጎብኘት ነገር በራሱ አቤቱታ የሚታይ ነው እንጂ የቀለቡ ዋጋ ሊሆን አይችልም፤ ሕፃኑ በሁለቱ ጠብ መካከል መያዣ ተደርጎ አልተሰጠምና። በዚህ ስፍራ ያለ ሹም አባትየውን ሳያዋርድ፣ እናትየውንም ሳይደግፍ፣ ሁለቱን መዝገቦች ለይቶ ማሳየት ሲችል ብዙ ነገር ይበርዳል።

በሌላ አገር ይህ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት በ1919 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሕግ ያቋቋመችውን «የፍርድ ቤቱ ወዳጅ» የተባለ ሹመት መመልከት ይበቃል። ይህ ሹም የሁለቱን ወላጆች ገቢ ይመረምራል፣ በግዛቲቱ ቀመር መሠረት የቀለቡን ልክ አስልቶ ለዳኛው ሐሳብ ያቀርባል፣ ከተፈረደም በኋላ ሳይለመን ራሱ ያስፈጽማል፤ ከፋዩ መክፈሉን ያቋረጠ እንደ ሆነ እናቲቱ ሳትከስ እርሱ ለችሎት ያቀርበዋል። ገንዘቡ ከመነሻው ከደመወዝ ይቀነሳል፤ የአገሪቱም ሕግ እንደ ሰውዬው ሁኔታ ከ50 እስከ 65 በመቶ ድረስ እንዲነካ ይፈቅዳል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ከፋዩ የአሜሪካ ፓስፖርት ይከለከላል፤ በዋሽንግተን አካባቢ ኑሯቸውን የመሠረቱ ወገኖቻችን ይህን ሕግ በዝና ብቻ አያውቁትም፣ አገር ቤት ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሊመጡ ሲነሡ ያገኛቸዋልና። ይህ ሥርዓት ጭካኔም አለበት፤ ሥራ ያጣ ደኻ አባት ዕዳው ሳያቋርጥ ይከመርበታል፣ የተከመረውንም ዳኛ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንስለት አይችልም። የእኛው ሕግ በዚህ በኩል ይራራል።

የእኛ አገር የወንጀል ሕግም በትር አለው፤ የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የከለከለውን ሰው፣ በአቤቱታ፣ በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ይሁንና እሥረኛ ደመወዝ ስለማይበላ፣ ብልህ ሹም ይህን አንቀጽ ለማስጠንቀቂያ ይጠቅሰዋል እንጂ ለመጀመሪያ መፍትሔ አያቀርበውም።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን በሰላም የሚከፈለው ቀለብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተወሰነ ወርኃዊ ገንዘብ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በታየው የዋጋ ንረት፣ አኃዙ ሳይለወጥ ጉልበቱ ተሟጦ ይገኛል። አንቀጽ 202 ሁኔታው ሲለወጥ ልኩ እንዲሻሻል ይፈቅዳል፤ የሚሻሻለው ግን ከሁለቱ አንዱ ሲያመለክት ነው። መዝገቡን በእጁ የያዘው፣ ገንዘቡ በየወሩ ስንት እንደሚገዛ የሚያየው ሹም ነገሩን በራሱ ለማንሣት ሥልጣን የለውም። በአሜሪካ አንደኛው ወገን በጠየቀ ጊዜ በየሦስት ዓመቱ ልኩን የመመርመሩ ሥራ የመሥሪያ ቤቱ ነው። በእኛም ዘንድ ባለጉዳይዋ አዲስ ክስ እንድታዘጋጅ ሳትገደድ፣ ሬጅስትራሩ የቀለብ መዝገቦችን በየተወሰነ ዓመት አውጥቶ ሁለቱን ወገኖች እንዲጠራ ቢታዘዝ፣ ለዚህ የቤተሰብ ሕጉን መለወጥ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ሐሳቡ ከሁለቱ ቃላት፣ ከችግሩና ከዐቅሙ፣ አይወጣምና፣ የፍርድ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ሊሸከመው የሚችል ነው።