በደሴና በኮምቦልቻ የሕዝብ ኪነ ጥበብና ቅርስ፤ ወጪውን የሚችለው ማን ነው?

ስለ ወሎ ዘፈን የሚናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው አራቱን ቅኝቶች፣ ማለት ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ነው። ከነዚህም ሁለቱ ስማቸውን ከምድሩ ወስደዋል። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። ይህን ሁሉ አውቀን እናመሰግናለን። ነገር ግን ዘፈኑን ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ዘፋኙ ምን በልቶ እንደሚያድር፣ ልጁንም ማን እንደሚያስተምርለት መጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ መመርመር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ኪነ ጥበብና ቅርስ እስከ ዛሬ በማን ወጪ እንደ ቆዩ በየተራ እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ አምጥተን፣ በመጨረሻ ለእኛ የሚበጀውን እንጠቁማለን።

ሀ/ ሕዝቡ ራሱ የሚከፍለው

ከሁሉ የቀደመው ገንዘብ ሰጪ ሕዝቡ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ሠርግ ቤት ወይም ወደ ጠጅ ቤት ይገባል። አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል፤ የተመሰገነውም ሰው ይሸልመዋል። ውል የለም፤ ደረሰኝም የለም። ሒሳቡ እዚያው ተከፍሎ እዚያው ያልቃል። ይህ ልማድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አዝማሪው የአድማጩን ልብ ካላገኘ አይበላምና ሁልጊዜ ንቁ ሆኖ ይኖራል። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ሸላሚው የሚከፍለው ዛሬ ለሰማው ዘፈን ብቻ ነው። አዝማሪው ልጁን ቅኝት ሲያስተምር ለሚያጠፋው ዓመት የሚከፍል የለም። ልጁ የሚማረው አባቱን እየተከተለ በማየትና በመስማት ስለሆነ፣ አባትየው ሥራ ባጣ ጊዜ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይለያል። በወሎ የእስልምና ሊቃውንት ዘንድ መንዙማ የጸሎትና የምስጋና ዜማ ነው። በሐድራ ላይ አንዱ ያወርዳል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ ድቤ ይመታል፣ ቡናም ይፈላል። ብዙው መንዙማ በአማርኛ የተገጠመ ሲሆን፣ ሲጻፍ ግን ብዙ ጊዜ በዐረብ ፊደል፣ አጀም በሚባለው ስልት ይጻፋል። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር የወጪው አሸፋፈን ነው። እንደ ጃማ ንጉሥ ባሉት የታወቁ ስፍራዎች ሕዝቡ ስለቱንና ስጦታውን የሚያመጣው ለአንድ ቀን ዜማ ብቻ አይደለም፤ ደረሳው ተቀምጦ እንዲማር፣ እንግዳውም እንዲበላ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ወገን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የአብነት ተማሪ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ መንደሩም ይሰጠዋል፤ በዚያች ቁራሽ ዜማና ቅኔ ይማራል።

ከዚህ አንድ መደምደሚያ ልናወጣ እንችላለን። አዝማሪው የሚከፈለው ለጨዋታው ነው፤ ደረሳውና የአብነት ተማሪው ግን የሚረዱት ለትምህርታቸው ነው። የመንዙማና የቅኔ ትምህርት ያለ መንግሥት በጀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊሻገር የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለ/ መንግሥት የሚከፍለው

ሦስተኛው ገንዘብ ሰጪ መንግሥት ነው። በጥንቱ ሥርዐት ይህ ድርሻ የመኳንንቱ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ተብሎ መጠራቱ፣ ግብሩ ማንንም የማይጠየፍ ነው ለማለት ነው። በእንዲህ ያለው የግብር ቤት ፉከራና ሽለላ የሚያሰማ፣ ማሲንቆም የሚመታ ሰው ከጌታው እጅ ይበላ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ የኪነት ቡድኖች እንዲቋቋሙ ተደረገ። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎም ላሊበላን አወጣ። ደሴ የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለ ነበረች ላሊበላ ኪነት መቀመጫው በዚያ ሆነ። በአምባሰልና በባቲ ቅኝት የታወቀችው ማሪቱ ለገሠ ስሟ ከዚሁ ቡድን ጋር ተያይዞ ይነሣል። በእንዲህ ያለው አሠራር ከገጠር የመጣ ወጣት ደመወዝ፣ የሙዚቃ መሣሪያና መድረክ በአንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችል ነበር። ይህ ቀደም ሲል ያልነበረ ነገር ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። መንግሥት የሚከፍለው መልእክተኛ ስለሚፈልግ ነበርና ቡድኖቹ ስለ አብዮቱና ስለ ዘመቻው መዝፈን ነበረባቸው። የመንግሥት ገንዘብ ኪነ ጥበብን ወደ ባሕር ማዶ እንዳሻገረም መካድ አይቻልም። በ1977 ዓ.ም. ወሎን ክፉኛ ከጎዳው ረኀብ በኋላ፣ ለረዱን አገሮች ምስጋና ለማቅረብ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ የኪነት ጉዞ በ1980 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተደርጓል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ፈረሰ። ወሎ በልዩ ልዩ ዞኖች ተከፈለ፤ የክልሉ ዋና ከተማ ባሕር ዳር ሆነ። ደሴም የአንድ ዞን ከተማ ሆና ቀረች። ይህ ለውጥ ስለ ኪነ ጥበብ ታስቦ የተደረገ አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሚወሰንበትን ቦታ ከደሴ ስላራቀው በኪነ ጥበቡ ላይ መድረሱ አልቀረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ለበጀት ጸሓፊው ሰፊ በር ይከፍትለታል፤ ገንዘብ ባነሰ ቁጥር በቅድሚያ የሚቀነሰው ማሲንቆ እንጂ ደብዳቤ መጻፊያ ወረቀት አይደለም።

ሐ/ ሙዚየሙና መዝገቡ

በደሴ ከተማ የሚገኘው ሙዚየም በቀድሞው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተቋቋመ ነው። የሙዚየም ወጪ ከኪነት ወጪ ይለያል። ዘፈን በሰው ጉሮሮ ይኖራል፤ ዘፋኙ እስካለ ድረስ አይዘረፍም። ዕቃ ግን አንድ ጊዜ ከሄደ ሄደ ነው።

ይህንም በዐይናችን አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆዩበት ወቅት ሙዚየሙ ተዘርፏል፤ ጉዳትም ደርሶበታል። ቤቱን ማደስ ይቻላል። የጠፋውን ዕቃ ለመፈለግ ግን በቅድሚያ ምን እንደ ጠፋ በዝርዝር ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር የሆነ አንድ የቆየ ታሪክ ይህን ይበልጥ ያስረዳል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤትና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተወሰዱ። ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆምዝ የተባለ ሰው ነበረ። የተዘረፈውም ዕቃ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል ብራናዎች ወደዚያ ሙዚየም ገቡ፤ በ1877 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር መዝግቦ አሳተመ። እንግዲህ ዛሬ የመቅደላን መጻሕፍት በየቁጥራቸው እየጠራን ይመለሱልን ለማለት የምንችለው በአብዛኛው የወሰደው ወገን ስለ መዘገባቸው ነው። አፄ ዮሐንስም በ1872 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የክብረ ነገሥቱን መጽሐፍ ለይተው በስሙ ስለ ጠየቁ ተመልሶላቸዋል።

ባለቤቱ የንብረቱን ዝርዝር ከወሳጁ መዝገብ መማሩ የሚያሳዝን ነገር ነው። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጥ ነው። ለቅርስ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ አነስተኛው፣ ነገር ግን ብዙ ፍሬ የሚሰጠው ለመዝገብ የሚወጣው ነው። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ መመዝገብ እንዳለበት ያዝዛል። መዝገቡ ግን በሙዚየሙ መሳቢያ ብቻ ከተቀመጠ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጠፋል። ፎቶግራፍ፣ ልክና መግለጫ ያለው ሆኖ፣ ግልባጩ በሁለትና በሦስት ከተማ ሲቀመጥ ብቻ ነው መዝገብ የሚባለው።

መ/ የሃዋይ ምሳሌ

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሃዋይ ደሴቶች በብዙ ነገር ከእኛ ይርቃሉ። ሆኖም የራሳቸው ዜማና ጭፈራ ያላቸው፣ እርሱም እንዳይጠፋባቸው የሰጉ ሕዝብ በመሆናቸው ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው ጥያቄ አለ። በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሃዋይ መንግሥት፣ የመንግሥት ሕንፃ በተሠራ ቁጥር ከግንባታው ወጪ 1 በመቶ ለኪነ ጥበብ ሥራ እንዲውል በሕግ ወሰነ። ከአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያው እርሱ ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገዙት ሥዕሎችና ቅርጾች በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በመሥሪያ ቤት ለሕዝብ ይታያሉ።

ይህ ሕግ ጥሩ ጎን አለው። ገንዘቡ በየዓመቱ የሚለመን አይደለም፤ ሕንፃ ሲሠራ ከሲሚንቶውና ከብረቱ ጋር አብሮ ይታሰባል። ጉድለቱ ግን ገንዘቡ ይበልጡን ለሚታይና ለሚዳሰስ ሥራ መዋሉ ነው፤ ዘፋኝ በግድግዳ ላይ አይሰቀልምና። ሃዋያውያን ይህን ጉድለት ያሟሉት በሌላ መንገድ ነው። የመንግሥቱ የባህልና የኪነ ጥበብ ድርጅት ለአንድ የታወቀ ባለሙያና ለአንድ ተማሪ በጋራ ድጎማ ይሰጣል፤ ባለሙያው ያስተምራል፣ ተማሪው ይማራል። ይህ የእኛ መንደር ለደረሳውና ለአብነት ተማሪው ሲያደርገው የኖረውን ይመስላል።

ሠ/ መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፣ የደሴ ሙዚየም ቅርስ፣ የተረፈውም የጠፋውም፣ በፎቶግራፍና በሰው ምስክርነት ተመዝግቦ ግልባጩ በየቦታው ይቀመጥ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የታሪክ ተማሪው መግለጫውን፣ የቴክኖሎጂው ተማሪ ደግሞ የፎቶግራፉንና የመዝገቡን አያያዝ ሊሠራ ይችላል። ይህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ትጋትን የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ለኪነት የሚመደበው ገንዘብ ለበዓል ቀን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለትምህርቱም ይሁን። አንድ ማሲንቆ መቺ አንድ ልጅ ለማስተማር የሚበቃው የዓመት ድጎማ፣ ለአንድ ቀን መድረክ፣ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ከሚወጣው ይበልጥ ዘመን ይሻገራል።

ሦስተኛ፣ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከመንግሥት ግንባታ ጥቂት እጅ ለባህል ይውል የሚለው ሐሳብ በሕግ ቢጸድቅ፣ ፍሬው ፈጥኖ ሊታይ ከሚችልባቸው ከተሞች አንዷ እርሷ ናት።

መንግሥት ብቻውን ከከፈለ ዘፈኑ የመንግሥት ቃል ብቻ ይሆናል፤ ሕዝቡ ብቻውን ከከፈለ ደግሞ ድርቅና ጦርነት በመጣ ጊዜ ሸላሚ ይጠፋል። ወሎ ሁለቱንም አይታለች። ስለዚህ ወጪው የሁለቱም፣ መዝገቡም የእኛ የተማሪዎቹ ሊሆን ይገባል። የሚቃወም ሐሳብ ያለው አንባቢ ቢኖር በዚሁ መጽሔት ቢገልጥልን ደስ ይለናል።