ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው እንዴት ይመለሳል?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ጀሞ፣ ለቡ፣ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም እዚያው ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ሰፈሮች አብዛኛው መሬት ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት የእርሻ ማሳ ነበር። ዛሬ ፎቅና አስፋልት ሆኗል። ትናንት ጤፍ ያጭድ የነበረው ገበሬ ልጅ ዛሬ ሱቅ ይጠብቃል፤ ወይም በግንባታ ሥራ ይውላል፤ ወይም ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ቀን ሥራ ላይ ይውልና ማታ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። የርቀት ተማሪ ነውና።

የርቀት ትምህርት ማለት ተማሪው በየቀኑ ክፍል ሳይገባ የሚማረው ትምህርት ነው። ቀድሞ የተልእኮ ትምህርት ይሉት ነበር። ተማሪው ሞጁል የሚባል መጽሐፍ ይቀበላል። መምህሩ ክፍል ውስጥ በቃል የሚያስረዳው ነገር በሞጁሉ ላይ ተጽፏል። ተማሪው ቤቱ ያነባል፤ ጥያቄዎቹን ይሠራል፤ የቤት ሥራውን ወስዶ ለማእከሉ ያስረክባል። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከመምህር ጋር ይገናኛል። በመጨረሻ ማእከሉ ሄዶ ይፈተናል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ያለ ሽቦ፣ በአየር መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ ጣቢያ ነው ይባላል። እንዲያው ለርቀት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ክፍል ገብቶ የሚማረውን ልጅ ደወል ይጠራዋል። ቢቀር መምህሩ ያውቃል፤ ጓደኞቹ ይጠይቁታል። የርቀት ተማሪን ማንም አይጠራውም። ልጅ ይታመምበታል። አሠሪው የማታ ተራ ይሰጠዋል። ለትምህርት ያስቀመጠው ገንዘብ ለቤት ኪራይ ይውላል። ሞጁሉ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። ፈተናው ሲደርስ ወይ ሳያነብ ገብቶ ይወድቃል፤ ወይ ጭራሽ ሳይሄድ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያፍራል። ወላጆቹ ምናልባት ወይፈን ሸጠው ነው የከፈሉለት። "ትምህርት እንዴት ነው?" ሲሉት "ደህና ነው" ይላል። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል።

እዚህ ላይ መለየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። በሰፈር ሰው አፍ ሁሉም "ወደቀ" ነው። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ግን አንድ አይደሉም።

አንዱ መውደቅ ነው። ይህ ማለት በአንድ የትምህርት ዓይነት የማለፊያ ውጤት አለማግኘት ነው። ሌላውን ያለፈውን ትምህርት አያጠፋበትም። ሁለተኛው ማቋረጥ ነው። ተማሪው ችግር ሲገጥመው፣ የተወሰነው ቀን ሳያልፍ ቅጽ ሞልቶ ለሬጅስትራር ያስታውቃል። ሬጅስትራር ማለት የተማሪውን ስምና ውጤት በመዝገብ የሚይዘው ቢሮ ነው። ሦስተኛው መሰናበት ነው። የተማሪው ውጤት ደንቡ ከሚለው በታች ሲወርድ ተቋሙ ራሱ ያሰናብተዋል።

አራተኛም አለ፤ ዝም ብሎ መቅረት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ የሚከፋውም ይኸው ነው። ለምን እንደሚከፋ በሂሳብ እንየው። መደመርና ማካፈል የተማራችሁ ሁሉ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት በፈረንጅ ፊደል ይሰጣል። ኤ 4 ነጥብ ነው። ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ነው። ኤፍ ዜሮ ነው። ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ እንዲመረቅ አማካይ ውጤቱ ከ2 ነጥብ ማነስ የለበትም።

እንግዲህ አንዲት ተማሪ እኩል ክብደት ያላቸውን 4 ትምህርቶች ወሰደች እንበል። በአንዱ ቢ፣ በሁለቱ ሲ አገኘች። አራተኛውን ሳትፈተን፣ ሳታስታውቅም ቀረች። ቆይቶ ኤፍ ተጻፈባት። 3 እና 2 እና 2 እና 0 ሲደመሩ 7 ይሆናል። 7 ለ4 ሲካፈል 1.75 ነው። ከ2 በታች ወረደች።

ይህችው ተማሪ አራተኛውን ትምህርት በጊዜው ቅጽ ሞልታ ብታቋርጥስ? ኤፍ አይጻፍባትም። ማቋረጧን የሚያሳይ ምልክት ብቻ ይቀመጣል። ምልክቱ ነጥብ ስለሌለው ከሂሳቡ ውስጥ አይገባም። 7 ለ3 ይካፈላል፤ 2.33 ይሆናል። ልጅቱ ያችው ናት፤ እውቀቷም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው።

ኤፍ የተጻፈበትም ቢሆን መንገዱ አልተዘጋም። ያንኑ ትምህርት ደግሞ ተምሮ ሲ ቢያገኝ፣ አዲሱ ውጤት አሮጌውን በሚተካበት ተቋም 9 ለ4 ተካፍሎ 2.25 ይሆንለታል። ታዲያ ሁለተኛ ሲማር ሁለተኛ መክፈል አለበት። ድሀውን የሚያስቀረው ፈተናው ሳይሆን ይኸኛው ክፍያ ይመስለኛል። የወደቀ ሰው ግማሽ ቢከፍል ምን ነበረበት?

አቋርጦ መመለስ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ተመልሰው ካቆሙበት የቀጠሉ አሉ። በዚያን ዘመን በነበረው ግድያ፣ እስርና ስደት ሳይመለሱ የቀሩም ብዙ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ፈተናውን ያላለፈ ጎልማሳ አልተባረረም። የማጠናከሪያ ትምህርት ተሰጥቶት እንደገና ተፈተነ፤ ያውም በነጻ። ምናልባት አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ላኩ። ያን ጊዜ ማንም "ሰነፍ" አላላቸውም።

ከውጭ አገር ሰዎች ደግሞ የኔልሰን ማንዴላን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ማንዴላ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች እንደ ሰው በማይቆጠሩበት ዘመን የታገሉ፣ ኋላም የአገራቸው ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ የጦር ትምህርት ተምረዋል። ኮልፌ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሩቅ አይደለም።

እኒህ ሰው በፈረንጆች 1940 ከመጀመሪያው ኮሌጃቸው በተማሪዎች ተቃውሞ ምክንያት ወጡ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1943 የጨረሱት በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል በተልእኮ ተምረው ነው። ከዚያ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ ጀመሩ። የመጨረሻውን ዓመት ፈተና ደጋግመው ወደቁ፤ በ1949 ዲግሪው ተከለከሉ። ቢሆንም የጠበቆችን ፈተና አልፈው በ1952 ከጓደኛቸው ጋር የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። እስር ቤት ከገቡ በኋላም በለንደን ዩኒቨርሲቲ በኩል በተልእኮ ሕግ መማር ቀጠሉ። ቀን ድንጋይ እየፈለጡ ማታ ያነቡ ነበር። አሳሪዎቹ የመማር ፈቃዳቸውን ለአራት ዓመት ነጠቋቸው። ሲመለስላቸው እንደገና ቀጠሉ። የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ገና እስር ቤት ሳሉ ያገኙት ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር። ይህ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም የሚታወቀው በርቀት ትምህርት ሲሆን አቃቂ ውስጥ ማእከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን ሲያስተምር ቆይቷል።

እሺ፣ መመለስ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? ከሬጅስትራር ነው። መታወቂያውንና የከፈለባቸውን ደረሰኞች ይዞ ይሂድ። የውጤት ማስረጃውን ይጠይቅ። የትኞቹን ትምህርቶች እንዳለፈ፣ የትኞቹ ላይ ኤፍ እንዳለበት ከዚያ ላይ ያያል። ተማሪው ከመመዝገቢያው ቀን አስቀድሞ የእንደገና መግቢያ ማመልከቻ ማስገባት አለበት። ቀኑ ካለፈ እስከሚቀጥለው ወቅት ይጠብቃል። ብዙ ዓመት ከቆየ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጦ ይሆናል፤ ስለዚህ አሮጌውን ሞጁል ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ያሁኑ ያው መሆኑን ይጠይቅ። ለማቋረጥ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነም በዚያው ቀን ጠይቆ ይጻፈው። ቀኑን የሚጠይቁት ችግር ሳይመጣ ነው። ተቋሙ ፈቃድ ያለው መሆኑን ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል።

የሚመለስ ሰው የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ብሎ በአንዴ ብዙ ትምህርት መውሰድ ያምረዋል። አይውሰድ። የደከመ በሬ መጀመሪያ ቀን ሙሉ ቀን አይጠመድም። በሁለት ትምህርት ቢጀምር፣ አንዱን የወደቀበትን ቢያደርገው ይሻላል። በእርሻ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ የፈተናውን ቀን ከዘርና ከአጨዳ ወራት ጋር ያስተያይ። ፈተናው ኅዳር ላይ ከዋለ በመስከረምና በጥቅምት አብዛኛውን አንብቦ መጨረስ አለበት፤ አጨዳ ከገባ በኋላ ማን ያነባል!

ወላጆችም የውጤት ማስረጃውን አሳየን በሉት። እየተቆጣችሁ አይደለም፤ አብራችሁ ለማየት ነው። ፊደሎቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ነገር ግን ዋናዎቹ አምስት ብቻ ስለሆኑ ልጃችሁ በአንድ ምሽት ያሳያችኋል። ቁጥሮቹን ግን ራሳችሁ ታነቧቸዋላችሁ። አማካዩ ከግርጌ ተጽፏል፤ ከ2 መብለጡን ወይም ማነሱን ተመልከቱ።